ምስጢር የሌለው ድሪቶ

ባለፈው ዓመት ሥራ ቦታ አንድ የቆየ ፕሮግራም እንዳስተካክል ተሰጠኝ። አምስት ሰው እየተቀባበለ የጻፈው ነው። አንዱ የሰፋውን ሌላው ቀዶታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከላይ ለጥፎበታል፤ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በትከሻዬ አሻግሮ ስክሪኑን አየና «ይሄማ ኮድ አይደለም፣ ድሪቶ ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ቃሉ ግን አብሮኝ ቤት ገባ። በአማርኛችን ድሪቶ መልካም ስም የለውም። ያልወደድነውን መጽሐፍ «ድርሰት ሳይሆን ድረታ» እንለዋለን። የተጣጣፈ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ድሪቶውን እንጂ ሰውየውን አናይም። ለእኔ ግን ከስድቡ በፊት ዕቃው ነበር። አያቴ አልጋ ላይ የሚነጠፍ፣ ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የተሰፋ፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ ድሪቶ ነበረን። «ነበረን» ያልኩበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ስለ ድሪቶ ማንበብ ጀመርኩ። ሌላው ዓለም ምን ይለዋል? ማን ሰፋው? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ መሀሉ ጥጥ ገብቶበት፣ ገበር ተደርጎለት የሚሠራውን የአልጋ ልብስ «ክዊልት» ይሉታል። ስለ ክዊልት መፈለግ ስጀምር መጀመሪያ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ ለእኔ ቢጤ ሰው ሆን ተብሎ የተጻፈ ነበር የሚመስለው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የባርነት ዘመን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያመልጡ ጥቁሮች ነበሩ። የሚሸሽጓቸውና ከቤት ወደ ቤት የሚያሸጋግሯቸው ሰዎች መረብ «የምድር ውስጥ ባቡር» ይባል ነበር፤ ባቡርም ዋሻም የለውም፣ ስሙ ብቻ ነው። ታዲያ ሴቶቹ የሚሰፉት ክዊልት እንደሚሰጣ ልብስ አጥር ላይ ተሰቅሎ መልእክት ያስተላልፍ ነበር ይባላል። የመፍቻ ቅርጽ ያለበት ከተሰጣ «ዕቃችሁን አሰናዱ» ማለት ነው። የሠረገላ ጎማ ከሆነ «ለመንገድ ተዘጋጁ»፣ የድብ መዳፍ ከሆነ «የድቡን ዱካ ተከትላችሁ በተራራው እለፉ»፣ የሚበሩ ዝይዎች ከሆኑ ደግሞ «ወደ ሰሜን»። አሥር ቅርጽ፣ አሥር ትእዛዝ። ጌታው በፊት ለፊቱ እያለፈ ያየዋል፣ ግን ማንበብ አይችልም።

ልቤ ዘለለ። ከኮምፒውተር መቶ ዓመት በፊት፣ ፊደል እንዳይማሩ የተከለከሉ ሴቶች በመርፌና በክር ኮድ ጽፈዋል! ሳላጣራ ለሥራ ባልደረቦቼ ግሩፕ ላይ ላክሁት። የልብ ምልክት ዘነበልኝ።

ከዚያ ምንጩን ፈለግሁ። ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው።

ታሪኩ በሰፊው የታወቀው ጃክሊን ቶቢንና ሬይመንድ ዶባርድ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ቶቢን በ1994 በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ገበያ ውስጥ ክዊልት ከሚሸጡ ኦዜላ ማክዳንኤል ዊልያምስ ከሚባሉ ሴት ጋር ተገናኝታ ነበር። እሳቸው ከእናት ከአያት የወረደ ነው ብለው ነገሯት፤ መጽሐፉም በዋናነት የቆመው በዚህ በአንድ ቤተሰብ ቃል ላይ ነው። ታሪኩ ግን ከመጽሐፉ ፈጥኖ ሮጠ። የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ፣ የሕፃናት መጽሐፍ ሆነ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መምህራን ልጆችን ወረቀት እያስቆረጡ አስተማሩት።

የታሪክ ተመራማሪዎች መዛግብቱን ሲያገላብጡ ግን ማስረጃው የለም። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን አሰማርቶ በባርነት የኖሩ ከ2,300 በላይ አረጋውያንን ቃል አስመዝግቧል። ራሱ የመረቡ አባል የነበረው ዊልያም ስቲል የብዙ መቶ አምላጮችን ታሪክ ሰብስቦ በ1872 አሳትሟል። በየትኛውም ውስጥ የክዊልት ኮድ የለም። እንዲያውም ኮድ ተብለው ከተዘረዘሩት ቅርጾች አንዳንዶቹ በዚያ ስማቸው በጽሑፍ የሚገኙት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ክርክሩ አደባባይም ወጥቷል። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ማዕዘን ላይ ለፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ ሲሠራ መሬቱ ላይ የክዊልት ቅርጽ እንዲነጠፍ፣ ስለ ኮዱም ጽሑፍ እንዲቀመጥ ታቅዶ ነበር። በ2007 የታሪክ ምሁራን ተቃወሙ፤ ራሱን ነፃ አውጥቶ ስለ ባርነት በገዛ እጁ ደጋግሞ ለጻፈ ሰው መታሰቢያ፣ ማስረጃ የሌለው ታሪክ አይሆንም አሉ። የኮዱ ማብራሪያ ቀረ።

ትንሽ ረጋ ብዬ ባስብ ኖሮ እኔም ስህተቱን አገኘው ነበር። ኮድ እንዲሠራ ላኪም ተቀባይም አንድ ዓይነት ቁልፍ ሊኖራቸው ይገባል። ከተለያየ እርሻ፣ በተለያየ ሌሊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ለሚሸሽ ሰው ቁልፉን ማን ያደርስለታል? አንዱን ክዊልት ለመስፋት ሳምንታት ይፈጃል፤ አሥሩን ሰፍቶ በቅደም ተከተል መስቀል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዝናብ የጣለ ዕለትስ? አንዲት እናት የታመመ ልጇን ለማልበስ «ዝይዎቹን» ከአጥሩ ያወረደች ዕለትስ?

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ሰፉ ብቻ ቢባል ኖሮ አላነብም ነበር። ሰላይ ነበሩ ሲባል ነው የነቃሁት። የእጃቸው ሥራ እንዲያስደንቀኝ ከሥሩ ሌላ ነገር መደበቅ ነበረበት።

ስለዚህ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የተደበቀውን ትቼ የሚታየውን ለማንበብ።

*

የሚታየው ነገር መነሻ ብርድ ነው። በምህንድስና ትምህርት ቤት የሙቀት መተላለፍን ስንማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ጨርቅ በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው ጨርቁ የያዘው፣ መንቀሳቀስ ያቃተው አየር ነው። ክዊልት ሦስት ንብርብር አለው፤ ላይኛው ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው፣ መሀሉ ባዘቶ፣ ታችኛው ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ ወግቶ የሚይዘው ስፌት ባዘቶው ወደ አንድ ጥግ እንዳይንሸራተትና አየሩ ባለበት እንዲታሰር ያደርጋል። እንደ ጌጥ የምናየው የስፌት መስመር ሥራው ይሄ ነው።

ብርድና እጦት የተገናኙበት አገር ሁሉ ይህን ነገር ለየብቻው አግኝቶታል። በቤንጋል ሴቶች ያለቀ ሳሪያቸውን ደራርበው፣ ክሩንም ከዚያው ከሳሪው ጠርዝ እየመዘዙ «ካንታ» ሰፉ። በሰሜን ጃፓን፣ አኦሞሪ በሚባለው አገር፣ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም፤ ገበሬው ከደቡብ በመርከብ የሚመጣ ቁራጭ ጨርቅ እየገዛ በሄምፕ ልብሱ ላይ ይጥፈው ነበር። ትርጉሙ ቡትቶ የሆነ «ቦሮ» የሚባል ስም አለው። ኑሮ ሲሻሻል ሰዉ በቦሮው አፈረበት፣ ሸሸገው፣ ጣለው። ታናካ ቹዛቡሮ የሚባሉ የአገሩ ሰው መንደር ለመንደር እየዞሩ ባይሰበስቡት ኖሮ ብዙው አይተርፍም ነበር። ዛሬ ቦሮ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ነው።

አልብሶ፣ አሳፍሮ፣ ተጥሎ፣ ከዚያ በመስታወት። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ደጋግሞ ይመጣል።

*

ወደ አሜሪካ ልመለስ። ሀሪየት ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ፣ አቴንስ ከተማ አጠገብ በባርነት ተወለዱ። ከነፃነት በኋላ ከባላቸው ጋር ትንሽ እርሻ ነበራቸው። እኚህ ሴት የሰፏቸው ሁለት ክዊልቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ አንዱ ዋሽንግተን በስሚዝሶንያን፣ ሌላው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም። የእኛ አገር ሰው ቢያያቸው ግራ አይጋባም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ የሚያሳየውን የአገራችንን ሥዕል አስቡ። የፓወርስ ሥራም እንደዚያው ነው፤ ከጨርቅ ተቆርጠው የተለጠፉ ሰዎች፣ እንስሳት፣ መላእክትና ከዋክብት። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ ያዕቆብና መሰላሉ። በሁለተኛው ክዊልት ላይ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ለጎን የአገራቸውን ወሬ አስገብተዋል። እሳቸው ከመወለዳቸው አራት ዓመት በፊት፣ በኅዳር 1833 ኮከብ እንደ ዝናብ የወረደበት ሌሊት አለ። ሰዉ የዓለም መጨረሻ ነው ብሎ የጮኸበት፣ በሥነ ፈለክ መዝገብም ያለ እውነተኛ ሌሊት ነው።

የመጀመሪያውን ክዊልት በ1886 በከተማው የጥጥ ባዛር ላይ አሳዩ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል ነጭ ሠዓሊ አየችው፣ ወደደችው፣ ሽጡልኝ አለች። በምንም ዋጋ አይሆንም አሏት። ዓመታት አለፉ፣ ችግር መጣ። ፓወርስ ክዊልቱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልለው፣ ከላዩ ጆንያ ደርበው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በበሬ ጋሪ መጡ። አሥር ዶላር ጠየቁ። ስሚዝ ያላት አምስት ነበር። በአምስት ዶላር ሄደ።

ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። እያንዳንዱን ማዕዘን እየነኩ ምን እንደሆነ ለገዢዋ ነገሯት፤ እሷም ጻፈችው። በኋላም ክዊልታቸውን ለማየት ብቻ ብለው ደጋግመው ወደ ስሚዝ ቤት ተመላልሰዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች በግምት ሳይሆን በእርግጠኝነት «ይህ ያዕቆብ ነው» የሚሉት በዚያች ዕለት ስለተጻፈ ነው። ኮድ መፍታት አላስፈለገም። ሴትዮዋ ተናገሩ፣ የሰማች ጻፈች፣ አለቀ።

*

ከጆርጂያ ቀጥሎ በስተ ምዕራብ አላባማ ነው። የአላባማ ወንዝ በዊልኮክስ ወረዳ ሲያልፍ እንደ ፈረስ ኮቴ ይጠመዘዛል። በሦስት በኩል ውኃ የከበበው ያ መሬት ጂስ ቤንድ ይባላል። ስሙ በ1816 ጥጥ ሊያስመርት ከመጣው ጆሴፍ ጂ ከሚባል ባለ እርሻ የመጣ ነው። በ1845 መሬቱ በዕዳ ምክንያት ለዘመዱ ለማርክ ፔትዌይ አለፈ። ፔትዌይም መቶ ያህል በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ከኖርዝ ካሮላይና እስከ አላባማ በእግራቸው አስኬዳቸው። ዛሬም መንደሩ ውስጥ ብዙ ሰው ፔትዌይ ነው የሚባለው፤ ዝምድና ባይኖረውም። የጌታው ስም የሁሉም ስም ሆኖ ቀረ።

ባርነት ሲያበቃ ሰዎቹ እዚያው እኩል አራሽ ሆኑ። ዘርና ምግብ በዱቤ ይወስዳሉ፣ ጥጥ ሲደርስ ይከፍላሉ፤ ሒሳቡን የሚይዘው ነጋዴው ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጥጥ ዋጋ ወደቀ። በ1932 ያበደራቸው ነጋዴ ሞተና ቤተሰቡ ዕዳው አሁን ይከፈል አለ። ሰዎች መጥተው ከስድሳ ያህል ቤተሰቦች ያገኙትን ሁሉ ጭነው ሄዱ፦ በቅሎውን፣ ላሙን፣ አሳማውን፣ ዶሮውን፣ ማረሻውን፣ የተከማቸውን በቆሎ። ያንን ክረምት መንደሩ የተረፈው በቀይ መስቀል ዱቄትና በጫካ ፍሬ ነው።

በ1937 ፎቶ አንሺው አርተር ሮትስታይን በመንግሥት ተልኮ መጣ። ፎቶዎቹን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ቤቶቹ ከግንድና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። ንፋስ በስንጥቁ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። በአንደኛው ፎቶ ላይ ጆሬና ፔትዌይ የሚባሉ ሴት ክዊልት ይሰፋሉ፤ ሁለት ልጃገረዶች አብረዋቸው አሉ።

ጨርቁ ከየት መጣ? ካለቀ ልብስ። በጥጥ ማሳ ላይ ጉልበቱ የተበላ ሱሪ፣ ቱታ፣ ሸሚዝ፣ የዱቄትና የማዳበሪያ ከረጢት። ባዘቶው ደግሞ ከጥጥ መዳመጫው ወለል የተጠረገ ርጋፊ ነው፤ በዱላ ይመቱትና ያፈኩታል። ጥጡን ሲያመርቱት የሌላ ሰው ነበር። ሲረግፍ የእነሱ ሆነ።

ከሴቶቹ ሁሉ የሚዙሪ ፔትዌይ ሥራ ነው እኔን ያስቆመኝ። በ1942 ገደማ ባላቸውን ቀበሩ። ከዚያ የሟቹን የሥራ ልብሶች ሰበሰቡ፤ ሱሪውን ቀደዱ፣ ሸሚዙን ተረተሩ፣ ክዊልት አድርገው ሰፉት። አጠገባቸው ሆና ያገዘቻቸው ልጃቸው አርሎንዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ የእናቷን ሐሳብ ተናግራለች፤ ባሌን እንዳስታውሰው፣ ፍቅሩንም እንድለብሰው ብለው ነው የሰፉት። ክዊልቱ ዛሬ በዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ነው። የነጣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ የደበዘዘ ቡኒ። በማሳ ፀሐይ የለቀቀው ቀለም እና ኪስ የነበረበት፣ ፀሐይ ያልነካው ጠቆር ያለ ቦታ ጎን ለጎን ይታያሉ። ኪሱ ተነቅሏል። ቅርጹ ቀርቷል።

ይህን ለማንበብ ምን ቁልፍ ያስፈልጋል? ሰው የሞተበት ሁሉ ያነበዋል።

*

በጂስ ቤንድ የሚሠራበት አንድ ስልት «የቤት ጣራ» ይባላል። ከመሀል አንድ ቁራጭ ይጀምሩና ዙሪያውን በረድፍ እየከበቡ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ደንቡ ይሄው ነው። ከደንቡ ቀጥሎ ያለው ግን የሰፊዋ ነው። ቀይ ጨርቅ ካለቀ መስመሩ በሰማያዊ ይቀጥላል። ቁራጩ ካጠረ ማዕዘኑ ይጣመማል፣ ቀጣዩ ረድፍ ደግሞ ጥመቱን ተቀብሎ መልስ ይሰጠዋል። በመጽሐፍ ከታተመ ንድፍ የማይቀዳ፣ እንደራስ የተሠራ ክዊልት ሲሆን «የራሴ መንገድ» ይሉታል።

ይህ ነፃነት ግን በሌላው ኑሯቸው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ የወረዳው ከተማ ካምደን አለ። በጀልባ ቅርብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንደሩ ሰዎች ለመምረጥ ሊመዘገቡ ወደ ካምደን መሻገር ጀመሩ። በ1962 ጀልባው ቆመ። ከዚያ በኋላ ያችን ከተማ ለመድረስ በመኪና ወንዙን ዞሮ ከአንድ ሰዓት በላይ መጓዝ ግድ ሆነ፤ መኪና ላለው ማለት ነው። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ በዝናብ መጥተው መንደሩን ጎበኙ፤ ሰዎቹም ዞረውም ቢሆን ሄደው ተሰለፉ፣ ታሰሩ። የተመዘገቡ ብዙዎች ከሚያርሱት መሬት ተባረሩ። ጀልባው እንደገና የሠራው በ2006 ነው። አርባ አራት ዓመት።

በዚያው ዘመን ፍራንሲስ ዋልተር የሚባል ቄስ በወረዳው ሲያልፍ ክዊልት ተሰጥቶ አየ። በ1966 በእሱ አነሳሽነት የአካባቢው ሴቶች «ፍሪደም ክዊልቲንግ ቢ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸው ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፣ ትልልቅ መደብሮች አዘዙ። ለብዙዎቹ ከማሳ ውጭ ያገኙት የመጀመሪያ ደመወዝ ነበር። ነገር ግን መደብር ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ይፈልጋል። በ1972 ሲርስ የተባለው ኩባንያ የትራስ ልብስ አዘዘ፤ ኮርደሮይ ከሚባለው፣ መስመር መስመር ካለው ወፍራም ጨርቅ፣ ልኩ የማይዛነፍ። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ በልክ ሰፉ። የተረፈውን ቁርጥራጭ ደግሞ ቤታቸው ወስደው፣ ማታ ያለ ልክ ሰፉት። የዚያ ዘመን የጂስ ቤንድ ክዊልቶች ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ኮርደሮይ የሞላባቸው ለዚህ ነው። ቀን ለደንበኛ፣ ማታ ለራሳቸው። ይሄንን የሥራ ሰዓት እኛ ፕሮግራመሮችም እናውቀዋለን።

ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። ዊልያም አርኔት የሚባል የአትላንታ ሰብሳቢ አንድ መጽሐፍ ውስጥ የአኒ ሜይ ያንግን ክዊልት ፎቶ አየ፤ የእንጨት ክምር ላይ ተጥሎ። በ1998 መንደሩ ድረስ ሄዶ አገኛቸው። በዚያ መንደር ያረጀ ክዊልት ትንኝ ለማባረር ይጨስ ነበር። አርኔት ብዙ መቶ ክዊልቶች ገዛ። በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ማይክል ኪመልማን ከማቲስና ከክሌ ጋር አነጻጸራቸው። በ2006 አሥሩ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆኑ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ያምራል። ግን የመጀመሪያውን ታሪክ ያሳመረው ይኸው ልማድ ነበር፤ ስለዚህ እቀጥላለሁ። በ2007 አኒ ሜይ ያንግን ጨምሮ የተወሰኑ ሰፊዎች አርኔትንና ተባባሪዎቹን ከሰሱ፤ ንድፋችን ምንጣፍና የቤት ዕቃ ላይ ታትሞ ሲሸጥ ተገቢውን ድርሻ አላገኘንም ብለው። ተከሳሾቹ አስተባበሉ። በ2008 ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። ማን ልክ እንደነበረ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። የማውቀው ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን ነው። ያለ እነዚያ ሰብሳቢዎች ክዊልቱ ጭስ ይሆን ነበር። ያለ እነዚያ ሴቶች ደግሞ የሚሰበሰብ አይኖርም። የሀሪየት ፓወርስ አምስት ዶላር ከመቶ ዓመት በኋላ ጠበቃ ይዞ ተመለሰ።

*

አሁን የእኛን ድሪቶ ልንገራችሁ።

ኮንዶሚኒየም ወጣልንና ከቀበሌ ቤት ልንወጣ ነው። እኔ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። እቴቴ፣ አያቴን እንዲያ ነበር የምንላት፣ ጠበል ሄዳለች። እናቴ «የማይረባውን ለይ» ብላኝ ሥራ ገባች። ረፋድ ላይ በሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጠራሁት። ሁለት ያረጁ ጫማዎች፣ የአባቴን ሱሪ፣ የእኔን ጃኬት አቀረብኩ። አንድ አረንጓዴ ሳፋ ሊሰጠኝ ተስማማ። ድሪቶውን ሳመጣለት ግን ገፋ አደረገው። «ይሄንንማ ማን ይወስድልኛል?» አለ። እኔም አዲስ ቤት ይዘነው ስንገባ፣ ደረጃው ላይ አዳዲሶቹ ጎረቤቶች ሲያዩት ታየኝ። «በምራቂ ውሰደው» አልኩት። ሰዎች ምራቂ የሚቀበሉበት ነገር ነው፤ እኔ የአያቴን ድሪቶ በምራቂ ሰጠሁ።

እቴቴ ስትመለስ አልጋዋ ላይ ገና ላስቲኩ የተነሳለት፣ ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ተነጥፏል። አልተቆጣችም። ቁጭ አለች። ከዚያ አዲሱን ብርድ ልብስ በእጇ እየዳሰሰች መናገር ጀመረች። «እዚህ ጋ የአያትህ ካኪ ኮት ነበር። ከሥሩ ያቺ አበባ ያላት፣ የአክስትህ የመጀመሪያ ቀሚሷ። እዚህ የእናትህ ዩኒፎርም...» እያለች እጇ ከጥግ ወደ ጥግ ሄደ። ድሪቶው በሌለበት አልጋ ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ በቦታው አስቀመጠችው። እኔ ቆሜ ሰማሁ። በኪሴ ስልክ ነበረኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ነበር። አፍሬ ስለነበር እስክትጨርስ ብቻ ነበር የጠበቅሁት።

እቴቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። የክዊልቱን ኮድ ታሪክ ስሰማ ለምን ያን ያህል እንደተደሰትኩ አሁን ሳስበው፣ ነገሩ ምስጢር ቢሆን ኖሮ እኔ አልወቀስም ነበር። የተደበቀ ነገር ባይነበብ የአንባቢው ጥፋት አይደለም። የእቴቴ ድሪቶ ግን አልተደበቀም። በየቀኑ አልጋ ላይ ተነጥፎ ይታይ ነበር፣ ባለቤቷም በአማርኛ ነግራኛለች።

ከተናገረችው የቀሩኝን በአንድ ፋይል ውስጥ ጽፌአቸዋለሁ። የአያቴ ካኪ ኮት፣ ራስጌ በቀኝ በኩል። የአክስቴ ባለ አበባ ቀሚስ፣ ከሥሩ። የእናቴ ዩኒፎርም፣ መሀል አካባቢ። ሦስት መስመር ነው። አክስቴን ደውዬ ስጠይቃት «ቀሚሱ ቢጫ ነበር» አለችኝ፤ እሱንም ጨመርኩ። በሚመጣው እሑድ እናቴን እጠይቃታለሁ።

ሳፋው አሁንም አለ። ውኃ የሚመጣ ቀን እናቴ ትሞላዋለች።